ራስን ማጥፋትን የመከላከልና የአእምሮ ጤና የበጎ ፈቃድ ቅስቀሳ በጎንደር

በጎንደር ራስን ማጥፋትን ለመከላከልና የአእምሮ ጤና አገልግሎት እንዲስፋፋ የሚደረገው የበጎ ፈቃድ ሥራ በጤና ተማሪዎች፣ በአእምሮ ጤና ባለሙያዎችና በእድሮች ትከሻ ላይ ያረፈ ነው። ከተማዋ ለዚህ ሥራ የቆየ መሠረት አላት። በጎንደር አቅራቢያ ባለችው ደምቢያ ብዙ ሕዝብ ከፈጀው የወባ ወረርሽኝ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ባለሙያው በሽተኛ እስኪመጣ ሳይጠብቅ ሕዝቡ ወዳለበት እንዲሄድ ያስተማረ አንጋፋ ተቋም ነው። ጤና መኮንኑ፣ ኮሚዩኒቲ ነርሱና ሳኒታሪያኑ (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያው) በአንድ ቡድን ወደ ገጠር የሚወጡበት፣ ተማሪዎች ‹ቲቲፒ› የሚሉት ሥልጠናም ከዚሁ የወጣ ነው።

ለረጅም ዘመን ግን የአእምሮ ሕክምና ሲባል አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ማለት ነበር። ኋላ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከአማኑኤል ጋር ሆኖ በአእምሮ ጤና በማስተርስ ደረጃ ማሠልጠን ጀመረ። ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም. የተዘረጋው ብሔራዊ ስትራቴጂ ደግሞ አገልግሎቱ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወርድ አቀደ።

ዓለም አቀፉ ራስን ማጥፋትን የመከላከል ቀን ሁልጊዜ ጳጉሜን 5 ላይ ይውላል። ብዙውን ጊዜ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ስለሆነ በዶሮና በበግ ገበያ መካከል ሰው ለስብሰባ አይገኝም፤ ዝግጅቱን ወደ ነሐሴ አጋማሽ ማምጣት ወይም መስከረም መጨረሻ ላይ ከሚውለው የአእምሮ ጤና ቀን ጋር ማጣመር ይሻላል።

ፍሬ የሚያፈራው መድረክ የእድር ወርሃዊ ስብሰባ ነው። ከሰብሳቢው አስቀድሞ 15 ደቂቃ መለመን፣ መዋጮ ከመሰብሰቡ በፊት መናገር ያስፈልጋል፤ ገንዘቡን የከፈለ ሰው ይነሳል። የሟች ስም፣ የሞቱበት መንገድና ቦታ አይነሳም፤ ዝርዝሩ በጭንቀት ላይ ላለ ሰው አደገኛ ነው። ሕጉን ግን ቶሎ ማስረዳት ይገባል፦ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ የተረፈን ሰው አይቀጣም፤ አንቀጽ 542 የሚመለከተው ያነሳሳውን ወይም የረዳውን ነው። ቤተሰብ ፖሊስን ፈርቶ የተረፈውን ሰው የሚደብቀው ይህን ባለማወቅ ነው።

አንድ ሰው አሳሳቢ ምልክት ካሳየ ‹ራስህን ለማጥፋት አስበሃል ወይ?› ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይዘራበትም። ‹አስቤአለሁ› ካለ ብቻውን አይተውም፤ የእርሻ ፀረ ተባይና የተጠራቀመ ክኒን ከቤት ይወጣል ወይም ይቆለፋል፤ ዘመድ ይዞት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሄዳል። ሥራው አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ሪፈር ወረቀት ብቻ ተሰጥቶት የተሸኘ ሰው መንገድ ላይ ይቀራል። ምስጢር እጠብቃለሁ ብሎ ቃል መግባትም ስህተት ነው። የድብርት መድኃኒት ለመሥራት ሳምንታት ስለሚፈጅበት ‹አልረዳውም› ብለው የሚያቋርጡ ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በየሳምንቱ መጠየቅ ይመከራል።

ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት ይደረግ አይደረግ የሚለው አከራካሪ ነው። ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያንን ጠቅሰው የሚከለክሉ እንዳሉ ሁሉ፣ ሕመሙ አእምሮውን አስቶት እንደነበር ሲመሰከር የሚፈቅዱ አባቶችም እንዳሉ ይነገራል። ቀስቃሾች በዚህ ክርክር ውስጥ ባይገቡ ይመረጣል። በጠበል ጉዳይ ግን መናገር አለባቸው፦ ጠዋት ተጠምቆ ማታ ክኒኑን መዋጥ እንደሚቻል አንድ ካህን ቢናገር፣ ባለሙያ አሥር ጊዜ ከሚናገረው ይልቅ ይሰማል።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ጦርነቱና የጸጥታው ችግር መሰብሰብንም መንቀሳቀስንም አክብደውታል።

የፖሊሲው ሥራ የሚለካው በበጀት ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር በሰኔ የሚገባ ደብዳቤ አርፍዷል፤ ከየካቲት ጀምሮ ለጤና መምሪያው መድረስ አለበት። ‹ትኩረት ይሰጠን› የሚል ደብዳቤ መዝገብ ቤት ይቀራል። መልስ የሚያገኘው የጤና ጣቢያውን ስም፣ የድብርት መድኃኒቶቹ አሚትሪፕቲሊንና ፍሉኦክሰቲን ስንት ወር እንደጠፉ፣ የሠለጠነ ባለሙያ መኖሩን የሚገልጽና የእድሮች ማኅተም ያረፈበት አንድ ገጽ ነው።