ሳንታንደር ባንክ ብቻ አይደለችም

ስለ ስፔን ጉዞ ሲወራ ባርሴሎናና ማድሪድ ይነሳሉ፤ ሰሜኑ ከተነሳ ደግሞ ቢልባኦ። ከቢልባኦ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ወደ ምዕራብ ያለችው የወደብ ከተማ ሳንታንደር ግን እምብዛም ትዝ አትልም። ስትነሳም ወሬው የተዛባ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ቁጠሩልኝ።)

«ሳንታንደር? ባንኩ ነው አይደል?»

ላሊጋ የሚያይ ሰው ስሙን ያውቀዋል። ከ2016 እስከ 2023 ሊጉ ራሱ «ላሊጋ ሳንታንደር» ነበር የሚባለው። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ባንኩ ነው በከተማዋ የተሰየመው። በ1857 ያቋቋሙት ከአሜሪካ አህጉር ጋር የሚነግዱ የወደቡ ነጋዴዎች ናቸው። ከተማዋ ደግሞ ስሟን ያገኘችው ከሰማዕቱ ከቅዱስ ኤሜቴሪዮ ነው። ስሙ በሰው አፍ ሲንከባለል ኖሮ «ሳንታንደር» ሆነ።

ለኳስ ወዳጆች አንድ ልጨምር። የከተማዋ ክለብ ራሲንግ በ1929 ላሊጋን ከጀመሩት 10 ክለቦች አንዱ ነው። ሊጉ በከተማዋ ስም በተጠራባቸው ሰባት ዓመታት ግን አንድም ቀን አልተጫወተበትም። በ2012 ወርዶ ነበር። ደጋፊው እንዴት እንደሚበግን አስቡት።

«ስፔን ስለሆነ ሙቀቱ አይቻልም»

ይሄ ደቡቡ ነው። እዚህ ሣሩ አረንጓዴ ነው፣ ላሞች በየተዳፋቱ ይግጣሉ፣ በበጋም ይዘንባል። «ካላቦቦስ» የሚሉት ካፊያ አላቸው፤ ሞኙን የሚያበሰብስ ማለት ነው። ይሄ ምን አለው ብሎ ጃንጥላ ሳይዝ የሚወጣው ሞኙ ነው። እኔ ብሆን በነሐሴም ጃኬት እይዛለሁ።

«አሮጌ ሰፈር ስለሌላት የሚታይ ነገር የላትም»

አሮጌው ሰፈር እንደሌለ እውነት ነው። የት እንደገባ ግን ሰው አይጠይቅም።

ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1941 ማታ ከወደቡ አጠገብ በካዲዝ ጎዳና እሳት ተነሳ። የዚያን ዕለት ኃይለኛ የደቡብ ነፋስ ይነፍስ ነበር። እሳቱ በጠባቦቹ መንገዶች ላይ ከጣሪያ ጣሪያ እየዘለለ የመካከለኛውን ዘመን ከተማ ጠራርጎ በላው። 10,000 ያህል ሰው ቤት አልባ ሆነ። የሚገርመው፣ የሞተው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ለእርዳታ ከማድሪድ የመጣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ።

ከዚያ በፊት የደረሰው ግን እንዲህ አልማረም። በኖቬምበር 1893 «ካቦ ማቺቻኮ» የምትባል መርከብ ወደቡ ላይ በእሳት ተያያዘች። ሰው ለማየት ግር ብሎ ወጣ። ዲናሚት እንደጫነች የሚያውቅ ጥቂት ነበር። ስትፈነዳ 590 ሰው አለቀ።

ስለዚህ መሀል ከተማ ውስጥ የምታዩት ሰፊና ቀጥ ያለ መንገድ ከቃጠሎው በኋላ የተሠራ ነው። ባሕሩ ዳር ያለው ፓሴዮ ዴ ፔሬዳ ግን ተርፏል፤ ነጭ የመስታወት ሰገነት ያላቸው ቤቶች ተደርድረውበታል። ካቴድራሉም ክፉኛ ቢቃጠል የታችኛው ቤተ ክርስቲያን አለ። ዝቅ ያለ ጣሪያ፣ ወፋፍራም ምሰሶ፣ ከመስታወት ወለል ሥር ደግሞ የሮማውያን ዘመን ግንብ። ከዚያ ስትወጡ ደግሞ ሬንዞ ፒያኖ የነደፈው የቦቲን የሥነ ጥበብ ማዕከል አለ። በ2017 የተከፈተ ሲሆን ባሕሩ ጫፍ ላይ በምሰሶ ከፍ ብሎ ቆሟል።

«ሄጄ የአልታሚራን ዋሻ እገባለሁ»

አትገቡም። የጥንት ሰው ሥዕሎች ያሉበት ይህ ዋሻ ከከተማዋ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የሰው ትንፋሽ ሥዕሎቹን ስለሚጎዳ መግቢያው እጅግ የተገደበ ነው። የምታዩት በ2001 የተከፈተውን ቅጂ ነው። ቅጂ ነው ብላችሁ ግን አትናቁት፤ በጣም ተደክሞበታል።

የዋሻው ታሪክ ራሱ የስህተት ታሪክ ነው። በ1879 ማርሴሊኖ ሳንስ ዴ ሳውቱኦላ የዋሻውን ወለል ሲቆፍር ቀና ብላ ጎሾቹን ያየችው ትንሿ ልጁ ማሪያ ነበረች። ሊቃውንቱ «የጥንት ሰው እንዲህ አይስልም» ብለው አጣጣሉት፤ በማጭበርበር የጠረጠሩትም ነበሩ። ዋነኛ ተቃዋሚው ካርታይላክ ስህተቱን በጽሑፍ ያመነው በ1902 ነው። ሳውቱኦላ ግን በ1888 ሞቷል።

«ምግቡ ያው ፓኤያ ነው»

ፓኤያ የሚባለው የሩዝ ምግብ የቫሌንሲያ ነው። እዚህ እሁድ ከቀትር በፊት ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚበላው ራባስ ይባላል። ካላማሪ የሚባለው የባሕር እንስሳ በቀጭኑ ተቆርጦ፣ ዱቄት ነክቶ፣ በዘይት ይጠበሳል። ሎሚ ይጨመቅበትና በእጅ ይበላል። ለመንገዳችሁ የሳንቶኛን አንቾቪ (ትንሽ ዓሣ ነው) በቆርቆሮ ያዙ።

«ከመርከብ ወርዶ ማለፊያ ናት»

ከእንግሊዝ፣ ከፖርትስማውዝና ከፕሊማውዝ፣ መኪና የሚጭን ትልቅ መርከብ ይመጣል። ብዙ ሰው ከመርከቡ እንደወረደ መኪናውን አስነስቶ ወደ ደቡብ ይነዳል። (እንግሊዝ የምትኖሩና የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁ የሸንገን ቪዛ አትርሱ።) እኔ ግን ቢያንስ ሁለት ሌሊት እደሩ እላለሁ። ከመሀል ከተማው ተነስታ ወደ ማዶው ወደ ሶሞ የምትሻገር ትንሽ ጀልባ አለች። በርካሽ ትወስዳችኋለች፤ እዚያ አሸዋው ረጅም ነው፣ ማዕበሉም ለሰርፍ ምቹ ነው።

ጀልባዋን ስትጠብቁ የነሐስ ልጆችን ታያላችሁ። አንዱ ቆሟል፣ ሁለቱ ዳሩ ላይ ተቀምጠዋል፣ አራተኛው ሊዘል አጎንብሷል። «ራኬሮስ» ናቸው፤ መንገደኞች ከመርከብ ላይ የሚወረውሩትን ሳንቲም ጠልቀው የሚያወጡ የነበሩ የወደብ ድሃ ልጆች።