የፒሬኔ በግ ጠባቂ ውሻ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በፈረንሳይና በስፔን ድንበር በተዘረጉት የፒሬኔ ተራሮች በጎችን ከተኩላና ከድብ ሲጠብቅ የኖረ ነጭ፣ ግዙፍ ውሻ ነው። ወንዱ ከ45 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ባለቤቶች «አስቸገረን» የሚሉት አብዛኛው ጠባዩ ዝርያው የተዳቀለለት ሥራ ራሱ ነው።

«ጥበቃ በደሙ ስላለ፣ ከበጎቹ ጋር መልቀቅ ይበቃል»

በደሙ ያለው ዝንባሌው ነው። የትኛውን እንስሳ እንደ ወገኑ እንደሚቆጥር ግን የሚማረው በቡችላነቱ፣ በተለይ ከ3 እስከ 16 ሳምንት ባለው ዕድሜ ነው። በ8 ሳምንቱ አምጥታችሁ፣ ውሻ ከለመዱ ረጋ ያሉ በጎች አጠገብ በአጥር ለይታችሁ አኑሩት። አብሮ መዋል ሲጀምር በጎቹ የማይገቡበት መሸሸጊያ ያስፈልገዋል፤ ክፉኛ የተወጋ ቡችላ በጎችን ፈርቶ ሊቀር ይችላል። ምግቡንም ለብቻው ስጡት። በጎች ሳህኑ ላይ እየመጡ ካስቸገሩት ምግብ ሲቀርብ መናከስ ይለምዳል።

ከ6 እስከ 18 ወር ያለው ጊዜ ግን ብዙዎችን ተስፋ ያስቆርጣል። ጎረምሳው በግ ያባርራል፣ ሱፍ ይነጫል፣ ጆሮ ያኝካል። ለእሱ ጨዋታ ነው፤ በጉን ግን ሊገድለው ይችላል። ሲጀምር እዚያው ከልክሉት፤ የሚያየው ሰው በሌለበት ሰዓት ለዩት፤ ከግልገሎች ይልቅ ከማይሸሹ ትልልቅ በጎች ጋር አውሉት። 2 ዓመት እስኪሞላው በጎች በሚወልዱበት ጊዜ ብቻውን አትተዉት። (የእንግዴ ልጅ ሲበላ ብታዩ ግን አትደንግጡ፤ ያ ግልገል መንካት አይደለም።)

«ሰው ከነካካው ሥራውን ይተዋል»

ይህ ምክር ማንም የማይዘው ውሻ ያፈራል። ክትባት መከተብ፣ ጥፍር መቆረጥ፣ በገመድ መመራት፣ መኪና ላይ መውጣት አለበት። እነዚህን በ10 ኪሎው ካልለመደ በ50 ኪሎው አታስለምዱትም። በየቀኑ ዳብሱት፤ እዚያው በረቱ ውስጥ ግን ይሁን።

«ሌሊቱን የሚጮኸው ስላልሠለጠነ ነው»

ሥራው ይኸው ነው። ይህ ዝርያ በመጀመሪያ የሚጠብቀው በጩኸት ነው፤ አውሬው ድምፁን ሰምቶ ከራቀ መናከስ አያስፈልግም። ጎረቤት የሚቀርባችሁ ከሆነ ከማምጣታችሁ በፊት አስቡበት፤ ከመጣ በኋላ ዝም ማሰኘት አይቻልም ማለት ይቀላል።

«ግዙፍ ስለሆነ ቶሎ እንዲያድግ ብዙ ይብላ»

ጉዳቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። በፍጥነት የሚያድግ ቡችላ አጥንቱና መገጣጠሚያው ሊበላሽ ይችላል፤ ትርፍ ካልሲየምም ያባብሰዋል። ለግዙፍ ዝርያ ቡችላ የተዘጋጀ ምግብ ስጡት፣ የካልሲየም ዱቄት አትጨምሩበት። ጎኑን ስትዳብሱ የጎድን አጥንቱ ሳትጫኑ በእጅ ሊሰማ ይገባል፤ ፀጉሩ ስለሚያታልል በዓይን አትመኑ።

አዋቂውን ቢያንስ በቀን ሁለቴ መግቡ። ደረተ ጥልቅ ውሾች ጨጓራቸው በአየር ተነፍቶ ሊጠማዘዝ ይችላል። ሆዱ ከተወጠረ፣ ምንም ሳይወጣው ደጋግሞ ለማስታወክ ከሞከረ ወይም መተኛት ካቃተው እስኪነጋ ሳትጠብቁ ወዲያው ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት፤ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል።

«በሙቀት ጊዜ ፀጉሩ ይላጭ»

አይላጭ። የላይኛው ሸካራ ፀጉር ከስሩ ያለውን ቆዳ ከፀሐይ ይከልላል፤ ከተላጨ ቆዳው ይቃጠላል፣ ፀጉሩም እንደ ቀድሞው ላይበቅል ይችላል። አየር የሚከለክለው የረገፈውና የተቋጠረው የውስጥ ፀጉር ስለሆነ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በሚረግፍበት ወቅት ደግሞ ቶሎ ቶሎ አበጥሩት፤ የጆሮውን ኋላና ታፋውን ሳታበጥሩ አትለፉ። ጥላና ውኃ አይጓደልበት።

«በኋላ እግሩ ያሉት ትርፍ ጣቶች በሽታ ናቸው»

የዝርያው መለያ ናቸው፤ በእያንዳንዱ የኋላ እግር ሁለት ሁለት ይበቅላሉ። መሬት ስለማይነኩ ጥፍራቸው አያልቅም፤ ተጠምዝዞ ሥጋ ውስጥ ይገባል። በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ፀጉሩን ገልጣችሁ እዩ፤ ሲረዝም ጫፉን ብቻ ቁረጡ።