የካሳቫ ዘር ግንዱ ነው

ካሳቫ በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በተለይ በወላይታ፣ በጋሞና በጎፋ፣ በብዙ ጓሮ ይገኛል። “የእንጨት ቦዬ” የሚሉትም አሉ። ዝናብ አጥሮ በቆሎው ሲጠወልግ ካሳቫ ይቋቋማል። ሥሩ ተልጦ፣ ተከትፎና ደርቆ ሲፈጭ ከጤፍ ወይም ከበቆሎ ዱቄት ጋር ተደባልቆ እንጀራ ይወጣዋል።

የሚበላው ሥሩ ቢሆንም የሚተከለው ግንዱ ነው። ሥሩ ከተነቀለ በኋላ ያ ሁሉ ግንድ ማገዶ ሲሆን ማየት ያንገበግባል። የሚቀጥለው ዓመት ማሳ እኮ እሱ ነው!

ለተከላ የሚመረጠው ከ8 እስከ 18 ወር የሆነው ጤነኛ ተክል ነው። ጫፉ ለጋ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል፤ የተሻለው መሃሉ ነው። በስለት ቆረጥ ሲያደርጉት ነጭ ወተት ቶሎ ካንቆረዘዘ ግንዱ ገና ትኩስ ነው። መሃል ላይ ያለው ለስላሳ ነጭ ክፍል ከግንዱ ውፍረት ከግማሽ ከበለጠ ግን አልበሰለም። ቁራጩ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ከ5 እስከ 7 አንጓ ይኖረዋል። ሲተከል ዓይኖቹ ወደ ላይ ማየት አለባቸው።

ችግሩ ብዛቱ ላይ ነው። በ1 ሜትር ርቀት ለሚተከል 1 ሄክታር 10,000 ቁራጭ ያስፈልጋል። አንድ ተክል የሚሰጠው ግን 10 ገደማ ነው። ከአንዲት የበቆሎ ፍሬ በመቶዎች የሚቆጠር ዘር ይገኛል። ለዚህ ነው እንደ ቁሌና ኬሎ ያሉ የተሻሻሉ ዝርያዎች ገበሬው ጋ ለመድረስ ጊዜ የሚወስድባቸው። መፍትሔው ባለ 2 አንጓ አጫጭር ቁራጮችን በመደብ ላይ አብቅሎ ችግኙን ማዛወር ነው። ውኃና ክትትል ይፈልጋል፤ ግን ከአንድ ተክል ብዙ እጥፍ ችግኝ ይገኝበታል።

ጎረቤት ለጎረቤት ግንድ መስጠቱ ደግ ልማድ ነው። ሆኖም በሽታም አብሮ ይሄዳል። የካሳቫ ሞዛይክ የተባለውን በሽታ ነጭ ዝንብ ያዛምተዋል፤ ከታመመ ተክል የተቆረጠ ግንድም ወደ አዲሱ ማሳ ይዞት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በኡጋንዳ ብዙ ማሳ ያወደመው ይኸው በሽታ ነው። ስለዚህ ግንዱን ቅጠሉ ሳይረግፍ ማየት ያስፈልጋል። የተዥጎረጎረና የተጨማደደ ቅጠል ካለው ለዘር አይሆንም።

ዝናቡ ካልደረሰ ግንዱ ሳይቆራረጥ ዛፍ ጥላ ሥር ይቆማል። ታችኛው ጫፍ ለስላሳ አፈር ውስጥ ገባ ይደረግና ውኃ ይጠጣል። እንዲህ ሆኖ ሳምንታት ይቆያል። በተከላው ቀን ያቆጠቆጠው ጫፍ ይጣልና ከቀሪው ቁራጭ ይዘጋጃል።