ደንገጎን ወጥቶ መማር፦ የአፍሪካ ቀንድ ተማሪዎች በድሬዳዋና በሐረር ዙሪያ

ተማሪ ከአገሩ ወጥቶ ሌላ አገር ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ብዙዎቻችን የሚታየን አውሮፓና አሜሪካ ነው። ለድሬዳዋና ለሐረር ሰው ግን ጉዳዩ የጎረቤት ነገር ነው። ከጅቡቲ ድሬ በባቡር 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሐርጌሳ የሚመጣው ደግሞ ቶጎ ውጫሌን ተሻግሮ በጅግጅጋ በኩል ሐረር ይገባል። ሶማልኛ ተናጋሪ ልጅ ድሬ ሲወርድ መንገድ የሚጠይቀው በእናቱ ቋንቋ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ፓሪስ ላይ አይገኝም።

ልማዱም አዲስ አይደለም። በግንብ የታጠረችው የሐረር አሮጌ ከተማ ጀጎል ለዘመናት የእስልምና ትምህርት ማዕከል ነበረች። ደረሳው፣ ማለትም የሃይማኖት ተማሪው፣ ከሩቅ መጥቶ ዓሊሙ (መምህሩ) እግር ሥር ይቀመጥና ኪታብ ይማር ነበር። ፓስፖርትም ማመልከቻም አልነበረም።

ዘመናዊው ታሪክ የሚጀምረው ከአለማያ ነው። የእርሻ ኮሌጁ ዛሬ ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በሚባለው የአሜሪካ ተቋም ድጋፍ ተቋቁሞ፣ ጅማ ከጀመረ በኋላ በ1956 እ.ኤ.አ. አለማያ ገባ። በ1958 ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለአፍሪካ ወጣቶች 200 የነፃ ትምህርት ዕድል ሰጡ። በኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ሮበርት ኡኮ አዲስ አበባ ተምረው ነው የተመለሱት። ኢትዮጵያ ገና ጥቂት ኮሌጆች ይዛ ለሌላው በሯን መክፈቷ ዛሬም ያኮራኛል።

አለማያ አሁን ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው። የጤና ኮሌጁ ሐረር ከተማ ውስጥ ይገኛል። ተማሪዎቹ ተግባር የሚለማመዱበት ሕይወት ፋና ሆስፒታል የሚመጣው ታካሚ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ሐረሪኛና አማርኛ ይናገራል። ሶማልኛ የሚችል ተማሪ እዚያ ምን ያህል እንደሚጠቅም መገመት አያዳግትም። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ታናሽየው ነው፤ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ።

ለድንበር ተሻጋሪ ትምህርት ትልቁን ግፊት የሰጠው የዓለም ባንክ የአፍሪካ የልህቀት ማዕከላት ፕሮጀክት ይመስለኛል። በ2016 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር በምሥራቅና በደቡባዊ አፍሪካ ስምንት አገራት 24 ማዕከላት ነበሩት። አንዱ ሐረማያ ሲሆን፣ የሚያተኩረው ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር በሚጣጣም ግብርናና በብዝሀ ሕይወት ጥበቃ ላይ ነው። ብልሃቱ የነበረው አከፋፈሉ ላይ ነው። ማዕከሉ ከፕሮጀክቱ ገንዘብ ያገኝ የነበረው ውጤት ሲያሳይ ሲሆን፣ ከጎረቤት አገር ለሚመጣ ተማሪ የሚከፈለው ከአገር ውስጡ ይበልጥ ነበር። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ወጥቶ ተማሪ ይፈልግ ነበር። ድርቅና አንበጣ ድንበር አይጠይቁምና የማሽላ ተመራማሪው ከየትም ቢመጣ ችግሩን ያውቀዋል።

ስደተኞችም አሉ። ጅግጅጋ አካባቢ በቀብሪበያህ መጠለያ ያደጉ የሶማሊያ ልጆች አሉ፤ መጠለያው ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። ለነሱ ዩኒቨርሲቲ መግባት ከመጠለያ መውጫ መንገድም ነው። ከ1992 ጀምሮ በጀርመን መንግሥት ገንዘብ የሚሰጠው ዳፊ የተባለው ስኮላርሺፕ ለስደተኞች ነው።

እንቅፋቱ ወረቀት ነው። ውጭ የተማረ ሰው ማስረጃውን ለትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አቅርቦ አቻ ግምት ያሠራል። በ2014 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ ስምምነት አገሮች አንዱ ለሌላው ዲግሪ ዕውቅና እንዲሰጥ ያስችላል፤ ሥራ ላይ የዋለው በታኅሣሥ 2019 ነው። ቋንቋም አለ። የጅቡቲው ልጅ በፈረንሳይኛ ተምሮ ይመጣና እዚህ በእንግሊዝኛ ይጀምራል። ከሐርጌሳ የሚመጣው በዚህ በኩል ይቀለዋል።

መምጣት ለምታስቡ ሁለት ምክር አለኝ። ድሬ ሙቀት ነው፤ ከድሬ የሚያስወጣውን የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ ሐረማያ ስትደርሱ ግን ይበርዳል፣ ጃኬት ያዙ። ሰዓታችንንም ቀድማችሁ ልመዱ። ፈተናው «3 ሰዓት» ከተባለ ከጠዋቱ ነው፤ በእናንተ አቆጣጠር 9 ማለት ነው።