ሶሻል ለሚማሩ ሳይንስን በእጅ ማስተማር፦ ደሴና ኮምቦልቻ

ሳይንስ ዋና ትምህርታቸው ላልሆነ የኮሌጅ ተማሪዎች የሚሰጥ የተግባር ሳይንስ ሳይንቲስት ለማፍራት የታሰበ አይደለም። ነገ አካውንታንት፣ የሕግ ባለሙያ ወይም የቋንቋ መምህር የሚሆነው ወጣት አንድን ነገር ራሱ ለክቶና ራሱ ፈትሾ እንዲያምን ነው። ወይም እንዲጠራጠር።

በአገራችን ተማሪው 11ኛ ክፍል ሲገባ ናቹራል ወይም ሶሻል ብሎ ይለያል። ሶሻል የገባው ልጅ ፊዚክስን፣ ኬሚስትሪንና ባዮሎጂን እዚያው ይሰናበታል። በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ፕሮግራም ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ሲመለስም ይህ ብዙ አልተለወጠም። ሶሻሎች ሒሳብ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ አዳዲስ ቴክኖሎጂዎችን የሚያስተዋውቅ ኮርስ ይወስዳሉ። ቤተ ሙከራ የሚያስገባ ኮርስ ግን የላቸውም። ይህ ትልቅ ክፍተት ነው ብዬ አምናለሁ።

ክፍተቱ ይበልጥ የሚከብደው በመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ነው። ደሴም የራሷ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አላት። በታችኞቹ የአንደኛ ደረጃ ክፍሎች አንድ መምህር አማርኛውንም፣ ሒሳቡንም፣ አካባቢ ሳይንሱንም ያስተምራል። ቴርሞሜትር በእጇ ይዛ የማታውቅ መምህርት ስለ ሙቀት ስታስተምር ያላት አማራጭ ከመጽሐፉ ማንበብ ብቻ ነው። ልጆቹም አንብበው ይሸመድዳሉ።

ሐሳቡ በሌላው ዓለም ቆየት ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የካሊፎርኒያው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ካርፕለስ ቅደም ተከተሉን ገለበጡት። ተማሪው መጀመሪያ ይነካካል፣ ይሞክራል። ስሙና ሕጉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። በመጨረሻም ያንኑ ሕግ አዲስ ነገር ላይ ይሞክረዋል። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሊሊያን ማክደርሞት የአንደኛ ደረጃ መምህራን ለሚሆኑ ተማሪዎች ሌክቸር የሌለበት፣ በባትሪና በአምፖል ጭምር የሚሠራ ፊዚክስ አዘጋጅተው ለዓመታት ፈትሸውታል። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ በሳይንስ፣ በምህንድስናና በሒሳብ ኮርሶች ላይ የተሠሩ 225 ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ ወጣ። ተማሪው ዝም ብሎ ሌክቸር በሚሰማበት ክፍል የሚወድቀው ከመቶ 34 ገደማ ነበር። በሚሳተፍበት ክፍል ወደ 22 ወርዷል።

ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ስንመጣ፣ ሁለቱ ከተሞች አንድ ላይ ሲታዩ ራሳቸው ቤተ ሙከራ ናቸው። ወሎ ዩኒቨርሲቲም ዋና ግቢው ደሴ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ኮምቦልቻ ነው። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ይገኛሉ። በሁለቱ መካከል ያለውን የሐረጎ ቁልቁለት የወረደ ሰው ሁሉ ልዩነቱን በጆሮው ያውቀዋል።

ይህን የከፍታ ልዩነት ለማጥናት ባዶ ሃይላንድ ይበቃል። ደሴ ላይ ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ ይዘጋና ሚኒባስ ላይ ይጫናል። ኮምቦልቻ ሲደርስ ጎኑ ገባ ገባ ብሎ ይገኛል። የአየሩ ግፊት ከታች ስለሚበልጥ ውስጥ ያለው አየር ከመቶ 8 ገደማ ይጨመቃል። የኮምቦልቻ ሙቀት ጥቂቱን መልሶ ያስፋፋዋል። እዚህ ላይ ጎበዝ መምህር መልሱን አይናገርም። «ጠርሙሱን ምን ጨመቀው?» ብሎ ይጠይቅና ዝም ይላል። አብዛኛው ተማሪ «ሙቀቱ ነው» ይላል። እንግዲያው ጠርሙሱን ፀሐይ ላይ አስቀምጡትና እዩ። ሲሞቅ እንዲያውም ይነፋል። ግምት በዚህ መንገድ ሲፈርስ ተማሪው አይረሳውም።

ሁለተኛው ሙከራ የፈላ ውሃ ነው። ተማሪው ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብሎ ነው የመጣው። ደሴ ላይ ቴርሞሜትሩ 92 አካባቢ ሲደርስ ውሃው ይንተከተካል፤ ከዚያ በላይ አልወጣም ይላል። ኮምቦልቻ ላይ 94 አካባቢ ነው። መጽሐፉ አልተሳሳተም፤ የተናገረው ስለ ባሕር ወለል ነው። ባቄላው ደሴ ላይ ለምን ቶሎ እንደማይበስል፣ ክዳኑ ጥብቅ ያለው የግፊት ድስት ለምን እንደሚያፈጥነው ከዚህ ተነስቶ ማስረዳት ይቻላል።

እኔ ከሁሉም የምወደው ግን የሊጡን ሙከራ ነው። አንድ ዓይነት የጤፍ ዱቄት፣ አንድ ዓይነት እርሾ፣ እኩል ውሃ በሁለት ሃይላንዶች ይደረግና አፋቸው ላይ ፊኛ ይታሰራል። አንዱ ደሴ ይቀራል፣ ሌላው ኮምቦልቻ ይወርዳል። የኮምቦልቻው ፊኛ ቀድሞ ይነፋል። ፊኛውን የሚነፋው እርሾው የሚያመነጨው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ የእንጀራን ዓይን የሚሠራውም ይኸው ጋዝ ነው። ለምን ቀደመ ሲባል ክርክሩ ይጦፋል። አንዱ የውሃው ነው ይላል፣ አንዷ የአየሩ ግፊት ነው ትላለች፣ ሌላው ሙቀቱ ነው ይላል። ታዲያ እንዴት ይለያል? የደሴን ውሃ ይዞ ኮምቦልቻ መውረድ ይቻላል። ደሴ ላይ ያለውን ሊጥ ለብ ያለ ቦታ ማስቀመጥም ይቻላል። ግፊቱ የደሴ ሆኖ ሙቀቱ የኮምቦልቻን ሲያክል ፊኛው ከፈጠነ መልሱ ይጠብባል። አንድ ነገር ብቻ ለውጦ ሌላውን እንዳለ መተው የሚባለው የሳይንስ ዋና ዘዴ እዚህ ላይ በደንብ ይገባል። ከገጠር የመጡ ተማሪዎች፣ በተለይ እናታቸው ሊጥ ስታቦካ ያደጉት፣ በዚህ ክፍለ ጊዜ ከመምህሩ በላይ ያውቃሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጥላም ይለካል። ቀጥ ያለ እንጨት ግቢው ውስጥ ይተከላል። በበጋ የቀትር ጥላው ወደ ሰሜን ይወድቃል፤ በሰኔ ወደ ደቡብ ይዞራል። ሁለቱ ከተሞች ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ስለሆኑ በሚያዝያ 11 እና በነሐሴ 18 ገደማ ፀሐይ አናት ላይ ትሆንና ጥላው ይጠፋል። የነሐሴው በደመና ሊያመልጥ ይችላል፤ የሚያዝያው ይሻላል። ጥላው የሚያጥረውም ልክ በ6 ሰዓት አይደለም። እንደ ወቅቱ ከ6፡05 እስከ 6፡35 ይዋልላል።

ኬሚስትሪው ከገበያ ይገኛል። የተፈላ ከርከዴ በሎሚና በአቸቶ ይቀላል፣ በሶዳና በሳሙና ውሃ ወደ አረንጓዴ ያደላል። እንዶድም አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወረድ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። የቢልሃርዚያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ ለማጥፋት ያደረጉት ምርምር ከዚያ ተነሳ። ታሪክና ሕግ ለሚማሩ ልጆች ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም። የእንዶድን አረፋ ክፍል ውስጥ ማየት ይቻላል፤ ትርፉን ወንዝ መድፋት ግን አይገባም፣ ዓሣም ይገድላል።

ቦርከና ደሴንም ኮምቦልቻንም ይነካል፤ መጨረሻውም አዋሽ ነው። ከላይና ከታች ውሃ ቀድቶ፣ በጓንት ይዞ፣ ድፍርስነቱን ማወዳደር የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። የማኔጅመንት ተማሪው ነገ ስለ ፍሳሽ ማጣሪያ በጀት የሚወስነው ሰው ሊሆን ስለሚችል ይህን ውሃ አሁን ቢያየው ይጠቅማል።

እንቅፋቱም ብዙ ነው። ክፍሉ ይጨናነቃል፣ መብራት ይሄዳል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች ሲያዳርስ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ከባድ ዝርፊያና ውድመት ደርሶበታል። ያልተተካ ዕቃ እስኪተካ መጠበቅ ግን ግድ አይደለም። ከላይ ያሉት ሙከራዎች የሚጠይቁት ቴርሞሜትር፣ ፊኛና ባዶ ጠርሙስ ነው። ልጆቹን በአራት በአራት መድቦ ለእያንዳንዱ ሥራ መስጠት ይቻላል፤ አንዱ ይለካል፣ አንዷ ትመዘግባለች፣ ሌሎቹ ይሞግታሉ።

የሚከብደው ፈተናው ነው። ተማሪው ሴሚስተሩን ሙሉ ሲለካ ቆይቶ መጨረሻ ላይ የምርጫ ጥያቄ ብቻ ከቀረበለት ተመልሶ ሀንድአውት ይሸመድዳል። ስለዚህ ጥያቄውም ከሙከራው መምጣት አለበት። ለምሳሌ ደሴ ላይ የተመዘገቡ አምስት የውሃ መፍያ ልኬቶች ይሰጡት፦ 92፣ 91፣ 92፣ 97፣ 92። አራተኛውን ትቀበለዋለህ ወይ? መጀመሪያ የምትፈትሸውስ ምንድን ነው? ሲለካ የነበረ ልጅ የቴርሞሜትሩ ጫፍ የድስቱን ታች ነክቶ ይሆናል ይላል። ውሃው ጨው ነበረበት ወይ ብሎም ሊጠይቅ ይችላል። ሁለቱም ነጥብ ይገባቸዋል።