ትዊን ስቲክ ሹተር ምንድን ነው? ሮቦትሮን 2084 በየኮንሶሉ

ትዊን ስቲክ ሹተር ማለት በሁለት ስቲክ (በእጅ እየገፋህ አቅጣጫ የምታዝበት ዘንግ) የምትጫወተው የተኩስ ጌም ነው። የግራው ስቲክ ሰውዬውን ያንቀሳቅሰዋል፣ የቀኙ ደግሞ ጥይቱ ወዴት እንደሚሄድ ይወስናል፣ በቃ ይሄው ነው። ሲያዩት ምንም አይመስልም ግን ጌሙን ከስሩ ነው የሚቀይረው፣ ምክንያቱም በሌሎቹ የተኩስ ጌሞች ብዙ ጊዜ የምትተኩሰው ፊትህን ባዞርክበት አቅጣጫ ስለሆነ ጠላትን ለመምታት ወደ ጠላት መዞር ግድ ይልሃል፣ እዚህ ግን ወደ ግራ እየሸሸህ ወደ ቀኝ ትተኩሳለህ፣ መሸሽና መምታት ሁለት የተለያዩ ስራዎች ሆኑ፣ እያንዳንዱም የራሱ እጅ ተሰጠው።

ይሄን አጨዋወት እንዲህ ያነገሰው ሮቦትሮን 2084 ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ዊሊያምስ የሚባለው ካምፓኒ ያወጣው የአርኬድ ማሽን (ሳንቲም እየከተትክ የምትጫወትበት ትልቅ የጌም ማሽን) ሲሆን የሰሩት ዩጂን ጃርቪስና ላሪ ዴማር ናቸው። ጃርቪስ ከዛ በፊት ዲፌንደርን ሰርቷል፣ ዲፌንደር ደግሞ አንድ ስቲክና አምስት በተን ያለው በጣም ከባድ ጌም ነበር። ሮቦትሮን ላይ አንድም የመተኮሻ በተን የለም! ሁለት ነገር ተገጣጥሞ ነው እንዲህ የሆነው። አንደኛ ጃርቪስ በርዘርክ የሚባል ጌም ይጫወት ነበር፣ እዛ ላይ የመተኮሻውን በተን ተጭነህ ከያዝከው ሰውዬው ባለበት ይቆምና ስቲኩ ማነጣጠሪያ ብቻ ይሆናል፣ ያኔ ነው ለማነጣጠር ብቻ የራሱ ስቲክ ቢኖረውስ የሚል ሀሳብ የመጣለት። ሁለተኛ በመኪና አደጋ ቀኝ እጁ ተጎድቶ ስለነበር በተን መጫን ይከብደው ነበር፣ ስቲክ መያዝ ግን ይችላል።

ጌሙ ራሱ አንድ ስክሪን ነው። የሚንሸራተት ካርታ የለም፣ የምትደበቅበት ግድግዳ የለም፣ መሀል ላይ ትቆማለህ ከዛ ከሁሉም አቅጣጫ ይመጡብሃል። ታሪኩ ሮቦቶች የሰውን ዘር ሊያጠፉ ተነስተው የቀረው አንድ ቤተሰብ ብቻ ነው፣ እናት፣ አባትና ማይኪ የሚባል ልጅ፣ እነሱ ስክሪኑ ላይ ዝም ብለው ይዞራሉ አንተ ሄደህ ስትነካቸው ይድናሉ። የመጀመሪያው 1000 ነጥብ፣ ቀጣዩ 2000፣ እንዲህ እያለ እስከ 5000 ይደርሳል፣ ስለዚህ ሳትሞት ብዙ ሰው ማዳን ከመግደል በላይ ነጥብ ያመጣል። ግራንት የሚባሉት ቀጥ ብለው ወዳንተ ይመጣሉ። ብሬይን የሚባለው ሰውን ይዞ ጠላት አድርጎ ይቀይረዋል፣ እሱ መጀመሪያ የሚመጣው አምስተኛው ዌቭ (ዙር) ላይ ነው። ሃልክ ደግሞ አይሞትም፣ በጥይት ወደ ኋላ ትገፋዋለህ እንጂ አትገድለውም፣ የነካውንም ሰው ይገድላል። እንግዲህ አስቡት፣ ህፃኑ በግራ አለ፣ ሃልኩ ከታች ወደሱ እየሄደ ነው፣ ግራንቶቹ ከቀኝ እየመጡ ነው፣ አንተ ወደ ግራ እየሮጥክ በሌላው እጅህ አንዴ ሃልኩን ትገፋለህ አንዴ ግራንቶቹን ትጠርጋለህ። ለኔ የዚህ ዘውግ ነፍስ ያለችው እዚህች ቅፅበት ላይ ነው፣ ስለዚህ አንድ የቤት ቨርዥን ጥሩ ነው ወይስ አይደለም ብሎ ለመፍረድ ግራፊክሱን ከማየት በፊት ይሄን ቅፅበት በትክክል መጫወት ያስችላል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው ያለብን።

የአርኬዱ ማሽን በዘመኑ ጉልበተኛ ነበር። ፕሮሰሰሩ ሞቶሮላ 6809 ነው፣ 1 ሜጋኸርዝ ብቻ፣ ግን ምስል ከሜሞሪ ወደ ስክሪን ቶሎ ቶሎ የሚገለብጥ ብሊተር የሚባል ልዩ ቺፕ አብሮት ስላለ በደርዘን የሚቆጠር ነገር ባንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳል። ስለዚህ ወደ ቤት ሲመጣ ችግሩ ሁለት ነበር፣ ያን ሁሉ ሮቦት ማን ይሸከመዋል የሚለውና ሁለተኛው ስቲክ ከየት ይመጣል የሚለው። የመጀመሪያውን ጊዜ ፈታው፣ ኮንሶሎቹ (የቤት ጌም ማሽኖቹ) እየፈጠኑ ሄዱ። ሁለተኛው ግን ረጅም ዓመት ፈጀ።

አታሪ 5200 የሚባለው ኮንሶል ላይ ያደረጉት ነገር በጣም ደስ ይላል፣ ሁለት ኮንትሮለሮችን ጎን ለጎን አጥብቆ የሚይዝ የፕላስቲክ መያዣ ከጌሙ ጋር ሰጡ። ሀሳቡ ልክ ነው፣ ስቲኩ ባለበት ካልተያዘ አንድ እጅ አንድ ስቲክ ማዘዝ ስለማይችል። ችግሩ ግን የ5200 ስቲክ ስትለቀው ወደ መሀል አይመለስም፣ በሮቦትሮን ላይ ደግሞ መቆምና አቅጣጫ መቀየር በቅፅበት መሆን አለበት፣ ስለዚህ መያዣው ጥሩ፣ የተያዘው ነገር ግን አሳዛኝ ሆነ።

አታሪ 7800 በ1984 ለሙከራ ወጥቶ በሰፊው ገበያ የገባው በ1986 ነው፣ ከድሮዎቹ ውስጥ የኔ ምርጫ የሱ ነው። ማሪያ የሚባለው የግራፊክስ ቺፑ ብዙ ተንቀሳቃሽ ምስል እንዲሸከም ታስቦ የተሰራ ስለሆነ ግራንቶቹ ሲያጥለቀልቁ ይችለዋል፣ በሁለቱም ፖርት ጆይስቲክ ሰክተህ እንደ አርኬዱ መጫወት ትችላለህ፣ በዛ ላይ የአታሪ 2600 ጆይስቲክም ስለሚቀበል አብሮት የመጣው ካልተመቸህ የተሻለ ታደርጋለህ። ሁለቱን ጣውላ ላይ አጥብቀህ ካሰርካቸው በቃ። ድምፁ ከአርኬዱ ይቀንሳል፣ አዎ፣ የአርኬዱ ሮቦትሮን ድምፅ ጆሮ የሚሰነጥቅ ነገር ነውና እሱን እዚህ አታገኘውም፣ እጅህ ግን የሚሰራው ስራ አንድ ነው።

የአታሪው ሊንክስ በእጅ የሚያዝ ኮንሶል ስለሆነ አንድ ዲፓድ (በአውራ ጣት የሚጫን የአቅጣጫ በተን) እና ሁለት ዋና በተን ነው ያለው፣ ምስሉ ቆንጆ ነው፣ ሁለተኛ አቅጣጫ የሚሰጥ እጅ ግን የለም። እለፉት።

እዚህ ጋር ከሮቦትሮን ትንሽ ወጣ ልበልና ስማሽ ቲቪን ላንሳ፣ በ1990 ዊሊያምስ ያወጣው፣ ጃርቪስ ከማርክ ተርሜል ጋር የሰራው፣ ያው የሮቦትሮን ልጅ ማለት ነው። ኔስ (NES) ለሚባለው የኔንቲዶ ኮንሶል የወጣው ቨርዥን አንድ ተጫዋች ሁለት ኮንትሮለር እንዲይዝ ይፈቅዳል፣ በአንዱ ዲፓድ ትሄዳለህ በሌላው ዲፓድ ትተኩሳለህ። የተከታዩ ኮንሶል የሱፐር ኔስ (SNES) ደግሞ የበለጠ ቆንጆ መፍትሄ ነው፣ አራቱ በተኖች በመስቀል ቅርፅ ስለተቀመጡ የላይኛው ወደ ላይ፣ የታችኛው ወደ ታች፣ የጎኖቹ ወደ ጎን ይተኩሳሉ፣ ሁለቱን ባንዴ ስትጫን ሰያፍ ይሆናል። ተጨማሪ እቃ አልተገዛም፣ ምንም አልተቀየረም፣ ግን ቀኝ እጅ ነፃ ወጣ!

ይሄው ዘዴ ነው በ1996 የዊሊያምስ የአርኬድ ጌሞች ስብስብ ለፕሌይስቴሽን ሲወጣ ያገለገለው። ይሄ ስብስብ የሚለየው ኢሙሌሽን መሆኑ ነው፣ ማለትም እንደ ድሮው ጌሙን አይተው እንደገና አልፃፉትም፣ የአርኬዱን ማሽን በሶፍትዌር አስመስለው ዋናውን ፕሮግራም ራሱን ነው ያስኬዱት፣ ስለዚህ ጠላቶቹ የሚያስቡበት መንገድ፣ ፍጥነቱ፣ ድምፁ የአርኬዱ ነው። የፕሌይስቴሽን ኮንትሮለር ያኔ አናሎግ ስቲክ (በፈለግከው አንግል የሚዞር ስቲክ) አልነበረውም፣ ብዙ ሰው ይሄን እንደ ጉድለት ያነሳዋል፣ እኔ ግን አልስማማም፣ የሮቦትሮን ስቲክ ስምንት አቅጣጫ ብቻ ነው ያለው፣ ዲፓድና አራት በተንም በትክክል ስምንት አቅጣጫ ይሰጣሉ፣ ምንም መንሸራተት የለም።

ሮቦትሮን 64 በ1998 ለኔንቲዶ 64 የወጣው በ3D ግራፊክስ የተሰራ ስለሆነ ከዋናው ጋር ማወዳደር ብዙም አይመችም፣ ግን ሁለት ኮንትሮለር ይዘህ ሁለቱንም አናሎግ ስቲክ መጠቀም ትችላለህ፣ እሱን ማሰባቸው ብቻ ክብር ይገባቸዋል።

በዚያው ሰሞን ዱዋልሾክ የሚባለው የፕሌይስቴሽን ኮንትሮለር መጣ፣ ሁለት ስቲክ በአንድ ኮንትሮለር ላይ ሆነ። ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ ፊፋ የተጫወተ የሀገራችን ልጅ ሁሉ አውራ ጣቱ ሁለት ስቲክ ያውቃል፣ ስለዚህ ዛሬ ሮቦትሮንን ብትሰጠው ማስረዳት አያስፈልግም። በ2003 ሚድዌይ አርኬድ ትሬዠርስ የሚባል የአርኬድ ጌሞች ስብስብ ለፕሌይስቴሽን 2፣ ለኤክስቦክስና ለጌምኪዩብ ወጣ፣ ሮቦትሮን ውስጡ አለ። ከሶስቱ ጌምኪዩብን አልመክርም፣ የቀኙ ስቲክ ትንሽዬ ናት፣ ለሰዓታት ለሚደረግ ተኩስ የተሰራች አይደለችም። በ2005 ደግሞ ኤክስቦክስ 360 ላይ ለብቻው ወጣ፣ በኦንላይን ለሁለት ሆኖ መጫወት ተጨመረበት።

አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። በዚያው በ2005 የወጣው ጂኦሜትሪ ዋርስ ሬትሮ ኢቮልቭድ የሚባለው ትዊን ስቲክ ሹተር ሙሉ አናሎግ ነው፣ በፈለግከው አንግል ትተኩሳለህ። ሮቦትሮን ግን በአናሎግ ስቲክም ብትጫወተው ጥይቱ ስምንት አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ አውራ ጣትህ ትንሽ ሲዛነፍ ወደ ቀኝ ያልከው ሰያፍ ይሆንብሃል፣ ይሄ በአርኬዱ ትልቅ ስቲክ ላይ ብዙም አያጋጥምም፣ ምክንያቱም እዛ የምትይዘው በሙሉ እጅህ ነው፣ አቅጣጫው ሲቀየርም ይሰማሃል። ስለዚህ ኢሙሌሽን የሆነ ስብስብ ካገኛችሁና ሴቲንጉ የሚፈቅድላችሁ ከሆነ ተኩሱን በአራቱ በተኖች አድርጋችሁ ሞክሩት፣ መጀመሪያ ጣት ይተሳሰራል፣ ሁለት ሶስት ዌቭ ካለፋችሁ ግን ሃልኩን መግፋት ምን ያህል እንደሚቀል ታዩታላችሁ።