ከኡሑድ በኋላም «አማክራቸው» ተባለ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ፣ ውድ ወንድሞችና እህቶች።

ምርጫ በመጣ ቁጥር እዚህ ጎንደር፣ በተለይ አዲስ ዓለም አካባቢ፣ ከወጣቶች የምንሰማው ጥያቄ አለ። «ዴሞክራሲ ከኢስላም ጋር ይሄዳል ወይ? የምርጫ ካርድ ማውጣትስ ከዲናችን ጋር አይጋጭም?» ይህን የሚጠይቀው ዲኑን የሚወድ ልጅ ነው። «ተወው፣ ፖለቲካ ነው» ብለን ልንሸኘው አይገባም። መልሱን ከቁርኣንና ከሲራ፣ ማለትም ከነቢዩ የሕይወት ታሪክ፣ እንፈልግለት።

መዲና አጠገብ ወደተካሄደው የኡሑድ ውጊያ እንሂድ። በሒጅራ 3ኛው ዓመት የመካ ቁረይሾች ቀደም ሲል በበድር ውጊያ የደረሰባቸውን ሽንፈት ሊበቀሉ ወደ መዲና ዘመቱ። የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሐሳብ ከተማዋ ውስጥ ሆኖ መከላከል ነበር። ግን ሶሓቦቻቸውን፣ ማለትም ባልደረቦቻቸውን፣ አማከሩ። ብዙዎቹ፣ በተለይ በድር ያመለጣቸው ወጣቶች፣ «ወጥተን እንግጠማቸው» አሉ። ነቢዩም የራሳቸውን ሐሳብ ትተው የብዙኃኑን ተቀበሉ። ቤታቸው ገብተው ጥሩራቸውን ለበሱ። ወጣቶቹ ቆየት ብለው «ያለ ፍላጎታቸው አስወጣናቸው» ብለው ተጸጸቱ፤ እንቅር ብለውም ጠየቁ። እሳቸው ግን ነቢይ ጥሩሩን አንዴ ከለበሰ ሳይዋጋ አያወልቅም ብለው ወጡ።

የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ኮረብታው ላይ ከተመደቡት ቀስተኞች አብዛኞቹ ቦታቸውን ለቀቁ። 70 ያህል ሶሓቦች ሸሂድ ሆኑ፤ የነቢዩ አጎት ሐምዛ (ረ.ዐ) አንዱ ነበሩ። የነቢዩ ፊት ቆሰለ፣ ጥርሳቸው ተሰበረ።

በሰው ሰውኛ ካሰብነው፣ ከዚህ በኋላ የሚጠበቀው «ከእንግዲህ አታማክራቸው» የሚል ቃል ነው። የወረደው ግን ሌላ ነው። በሱረቱ አሊ ዒምራን 159ኛ አያ አላህ ነቢዩን ይቅር በላቸው፣ ምሕረትን ለምንላቸው፣ በነገሩም አማክራቸው ብሎ አዘዛቸው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። መጀመሪያ ይቅርታ፣ ቀጥሎ ዱዓ፣ ከዚያ ምክክር። ቁስሉ ገና ሳይሽር ነው ይህ የወረደው። እኔ ይህን አያ በቀራሁ ቁጥር ልቤ ይነካል።

ከዚህ የምንማረው፣ ምክክር የታዘዘው ሁልጊዜ ድል ስለሚያመጣ እንዳልሆነ ነው። «ሕዝቡ አያውቅም፣ ተሳስቶ ነው የሚመርጠው፣ ምን ያስጠይቀዋል» የሚል ሰው ኡሑድን ይመልከት። ወሕይ (የአላህ ራእይ) የሚወርድላቸው ነቢይ ካማከሩ፣ ወሕይ የማይወርድለት ሹም ሕዝቡን ላለማማከር ምን ማስረጃ አለው?

በሱረቱ ሹራ 38ኛው አያ ደግሞ አላህ የሙእሚኖችን ባሕርይ ሲዘረዝር፣ ጉዳያቸውን በመካከላቸው የሚመካከሩ ናቸው ይላል። ይህ ቃል የተቀመጠው ሶላትን በመስገድና ከሲሳይ በመለገስ መካከል ነው። ሱራዋ የወረደችው መካ ላይ ነው። ያኔ ሙስሊሞች ጥቂቶች ነበሩ፤ መንግሥት አልነበራቸውም። ስለዚህ ሹራ፣ ማለትም ምክክር፣ ሥልጣን ሲያዝ የሚጀመር ነገር አይደለም። ቁጥራችን ምንም ይሁን፣ የትም እንኑር፣ ይመለከተናል።

አንዳንድ ወንድሞች ግን «ሑክም (ፍርድ) የአላህ ብቻ ነው» የሚለውን አያ ያነሳሉ። አያው ሐቅ ነው። ይህን ቃል መፈክር አድርገው ከኸሊፋው ዓሊይ (ረ.ዐ) ጋር የተጣሉት፣ ሰዎችን ዳኛ አደረገ ብለው ከሱ የተለዩት ኸዋሪጆች ነበሩ። ዓሊይም ቃሉ እውነት ነው፣ የተፈለገበት ግን ሐሰት ነው አሉ። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ወደነሱ ሄደው ሲከራከሯቸው ቁርኣንን ራሱን አነበቡላቸው። ባልና ሚስት ሲጣሉ ከሱም ከሷም ወገን ዳኛ ይላክ ያለው አላህ ነው። በኢሕራም (በሐጅ ወይም በዑምራ ሥርዓት) ላይ እያለ አውሬ በገደለ ሰው ላይ ሁለት ዓድል ሰዎች ይፍረዱ ያለውም እሱው ነው። ታዲያ የሙስሊሞች ደም እንዴት ከዚህ ያንሳል? ብዙዎቹ ተመለሱ።

በሌላ በኩል ወሰንም አለ። ዱንያ ሁሉ ድምፅ ቢሰጥ ወለድ ሐላል አይሆንም፤ ሶላትም አይነሳም። ሙስሊም ይህን አጥብቆ ይያዝ። ግን የብዙኃን ድምፅ ወሰን ይኑረው ስንል፣ የኛም የጎረቤታችንም መብት በዚያው ወሰን ነው የሚጠበቀው። ይህን ከጎንደር ሙስሊም በላይ ማን ያውቃል? እ.ኤ.አ. በ1668 በቀዳማዊ አፄ ዮሐንስ ዘመን፣ አባቶቻችን ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ታዘዘ። እ.ኤ.አ. በ1878 ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ደግሞ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ተገደዱ። ስለዚህ በ1966 ዓ.ም. ሚያዝያ 12 ቀን ሙስሊሞች አዲስ አበባ ላይ አደባባይ ሲወጡ የጠየቁት የበላይነትን አልነበረም። እኩልነትን ነው የጠየቁት። ብዙ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጡ። ዒዶቻችን የሕዝብ በዓል ሆነው የታወቁት ከዚያ ወዲህ ነው። ዛሬም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል፤ በአንቀጽ 27 የእምነትን ነፃነት ይደነግጋል። ለኛ ይህ ጥላ ነው። አንቀጹ ሲጣስ ዝም አንበል፤ በኛ ላይ ብቻ ሳይሆን በማንም ላይ ሲጣስ።

ይህን ስጽፍ የ2014 ሚያዝያ ትዝ ይለኛል። እዚሁ ከተማችን ቀብር ላይ የነበሩ ወገኖቻችን ተገደሉ። ሐዘኑ ገና አልወጣልንም። አላህ ግን በሱረቱል ማኢዳ 8ኛ አያ ሰዎችን መጥላታችሁ ፍትሕ ወደ ማጉደል አይገፋችሁ ይለናል። ፍትሕን በሕግ በኩል መጠየቅ ሐቃችን ነው። እኛ በምንበዛበት አካባቢ ያለ ክርስቲያን ጎረቤትም ከኛ የሚጠብቀው ይህንኑ ዓድል ነው።

አሁን ወደ ካርዱ። ድምፅ መስጠት ሸሃዳ፣ ማለትም ምስክርነት ነው ያሉ ዑለማዎች አሉ። «ይህ ሰው ለአማናው ይመጥናል» ብለህ ትመሰክራለህ። ሱረቱ ኒሳእ 135ኛ አያ ደግሞ ፍርዱ በራሳችሁ፣ በወላጆቻችሁና በዘመዶቻችሁ ላይ ቢሆንም ለአላህ ብላችሁ በትክክል መስክሩ ይላል። እንግዲህ «የኛ ልጅ ነው» ብቻ ብሎ መምረጥ፣ በገንዘብ ወይም በውለታ ድምፅን መሸጥ ምን እንደሆነ እናስበው። በቂያማ ቀን የሚጠየቁበት ነገር ነው።

አቡ በክር (ረ.ዐ) ኸሊፋ በሆኑ ጊዜ ለሕዝቡ ያሉት ይታወቃል። ከናንተ የተሻልኩ ሳልሆን ተሾሜባችኋለሁ፤ መልካም ከሠራሁ አግዙኝ፣ ካጠፋሁ አቅኑኝ። እንዲህ የሚል ሹም ስንት አለን? «አቅኑኝ» ሲባል በወግ የሚያቀናስ?

ይህ በከተማ አስተዳደር ብቻ የሚያበቃ አይደለም፤ መስጂዳችንንም ይመለከታል። በ2004 ዓ.ም. «ድምፃችን ይሰማ» ሲባል አንዱ ጥያቄ የመጅሊስ መሪዎቻችንን ራሳችን፣ ያውም በየመስጂዳችን እንምረጥ የሚል ነበር። ስንቱ ታስሮበታል። ታዲያ ዛሬ የሰፈራችን የመስጂድ ኮሚቴ እንዴት ነው የሚመረጠው? ሒሳቡ ለጀመዓው ይነገራል? እህቶቻችንስ ይጠየቃሉ? ከቁረይሾች ጋር በተደረገው የሑደይቢያ ስምምነት ሶሓቦች በሐዘን ተውጠው አልነሳ ሲሉ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተቀበሉት የባለቤታቸውን የኡሙ ሰለማን (ረ.ዐ) ምክር ነው። ከዑመር (ረ.ዐ) በኋላ ኸሊፋ ሲመረጥም፣ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ሴቶችን ሳይቀር እንዳማከሩ ተዘግቧል። በመስጂዳችን እህቶች ሐሳባቸውን የሚያቀርቡበት መንገድ ከሌለ፣ ከፊታችን ጁሙዓ በኋላ ኢማሙንና ሽማግሌዎቹን በአደብ እናናግር።

ወላሁ አዕለም።